የራሱ ድምፅ የሌለው አምፕሊፋየር፦ የብሪታንያ የቫልቭ አምፕሊፋየሮች ንድፍና የእድሳታቸው ጥያቄ

የብሪታንያ አሮጌ የቫልቭ አምፕሊፋየሮች ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ የሚፈለጉት የራሳቸው ለዛ አላቸው በሚል ነው፤ ድምፁን ያለሰልሱታል ይባላል። የነደፏቸው መሐንዲሶች ግን ይህን እንደ ሙገሳ የሚቀበሉት አይመስልም። ዓላማቸው የገባውን ምልክት ሳይጨምርበትና ሳይቀንስበት አጉልቶ ለስፒከር የሚያደርስ፣ የራሱ ድምፅ የሌለው መሣሪያ መሥራት ነበር። ይህን ልዩነት መረዳት ለታሪክ አጥኚ ብቻ ሳይሆን መሣሪያውን ከፍቶ ለማደስ ለሚቀመጥ ባለሙያም ያስፈልጋል።

ሃሮልድ ሊክ እ.ኤ.አ. በ1945 ያቀረበው አምፕሊፋየር «ፖይንት ዋን» የተባለው የድምፅ መዛባቱ 0.1 በመቶ መሆኑን ለማመልከት ነው። ስሙ ከለዛ ሳይሆን ከመለኪያ ቁጥር መውጣቱ የዘመኑን አስተሳሰብ ይገልጻል። በዚያው ወቅት ዴካ ኩባንያ በጦርነቱ ጊዜ የባሕር ሰርጓጅ መርከቦችን ድምፅ ለመለየት ያዳበረውን የቀረጻ ዘዴ ወደ ሙዚቃ ሸክላ አምጥቶ ነበር። በሸክላው ላይ የተቀረጸው ድምፅ በየቤቱ ያለው መሣሪያ ሊያሰማው ከሚችለው በላይ ሆነ።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ከቀረቡት ንድፎች መካከል የዲ.ቲ.ኤን. ዊሊያምሰንን ያህል ተጽዕኖ ያሳደረ የለም ማለት ይቻላል። ንድፉ በ1947 በሚያዝያና በግንቦት ወራት «ዋየርለስ ወርልድ» በተባለው መጽሔት ታተመ። መበየጃ ይዞ ሊሠራው ለፈለገ ሁሉ ክፍት ስለነበር እስከ አሜሪካና አውስትራሊያ ድረስ ተሠራ። አራት ደረጃዎች የነበሩት ይህ አምፕሊፋየር በሁለት የኬ.ቲ. 66 ቫልቮች 15 ዋት ሲያወጣ መዛባቱ ከ0.1 በመቶ በታች ነበር።

ለዚህ ያበቃው አሉታዊ ግብረ መልስ ነው። መርሁን አሜሪካዊው ሃሮልድ ብላክ በ1927 አግኝቶታል፤ ከውጤቱ ጥቂቱ ተቀንሶ በተቃራኒ አቅጣጫ ወደ መግቢያው ይመለሳል፣ መሣሪያውም በራሱ የፈጠረውን ስሕተት በራሱ ያርማል። ዊሊያምሰን የተጠቀመበት 20 ዴሲቤል ግብረ መልስ መዛባቱን ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ያወርዳል። ነገር ግን ምልክቱ በየደረጃው ሲያልፍ፣ በተለይ በጣም ዝቅተኛና በጣም ከፍተኛ በሆኑ ድግግሞሾች፣ ፌዙ ይዛነፋል። መዛነፉ 180 ዲግሪ ሲደርስ ግብረ መልሱ በቂ ጉልበት ካለው እርማት የነበረው ማባባስ ይሆናል፤ አምፕሊፋየሩም ያለ ሙዚቃ በራሱ መጮህ ይጀምራል። ዊሊያምሰን የመውጫውን ትራንስፎርመር ከእርማቱ ክበብ ውስጥ ስላስገባው የንድፉ ዕጣ በትራንስፎርመሩ ጥራት ላይ ወደቀ። የመዳብ ጥምጥሞቹ በብዙ ክፍል ተከፋፍለው እርስ በርስ እየተፈራረቁ መጠምጠም ነበረባቸው። ሰዉ ስለ ቫልቩ ብዙ ያወራል፤ የሥራው ክብደት ግን ብርሃን በማይሰጠው ጥቁር የብረት ሳጥን ውስጥ ነበር። በርካሽ ትራንስፎርመር የተሠሩ ቅጂዎች ንድፉ የሚሰጠውን መረጋጋት ማጣታቸው አያስገርምም።

ፒተር ዎከር በ1953 ባቀረበው «ኳድ 2» ሌላ መንገድ መረጠ። ደረጃዎቹን ቀነሰ፤ ሁለት የኢ.ኤፍ. 86 ቫልቮች ሁለቱን ኬ.ቲ. 66 በቀጥታ ይነዳሉ። የትራንስፎርመሩ ጥምጥም አንዱ ክፍል ከቫልቮቹ ካቶድ ጋር ስለተያያዘ የእርማቱ አንድ ድርሻ እዚያው መውጫው ላይ ይፈጸማል። ኃይሉ ያው 15 ዋት ነው። ደረጃው ሲያንስ የፌዙ መዛነፍም ስለሚያንስ መሣሪያው ይበልጥ የተረጋጋ ሆነ። ዎከርና ዊሊያምሰን ተፎካካሪዎች አልነበሩም፤ በ1957 የወጣውን የኳድ ኤሌክትሮስታቲክ ስፒከር ያዳበሩት አብረው ነው።

የእድሳቱ ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በነጂው ቫልቭና በኬ.ቲ. 66 መካከል ያለው ካፓሲተር የሙዚቃውን ምልክት አሳልፎ የነጂውን ከፍተኛ ቀጥተኛ ቮልቴጅ ያግዳል። የወረቀት ካፓሲተር ሲያረጅ መከላከያው ይደክምና ቮልቴጁ ወደ ግሪዱ ያፈሳል። ቫልቩ ከመጠን በላይ ጅረት ይስባል፣ ይግላል፣ ድምፁም ይዛባል። ነገሩ ከቆየ ለማግኘት የሚያስቸግረው ትራንስፎርመር ሊቃጠል ይችላል። አንዳንድ ባለቤቶች «የጥንቱ ድምፅ ይጠፋል» ብለው ካፓሲተሩን አናስነካም ይላሉ። የሚሳሱለት ድምፅ ግን በከፊል የካፓሲተሩ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ንድፍ አውጪው የታገለውም ይህን መሰሉን መዛባት ነበር።

ስለዚህ ትራንስፎርመሩና የብረት አካሉ እንዳሉ ሆነው የሚያፈሱት ካፓሲተሮች ተመጣጣኝ ዋጋና በቂ የቮልቴጅ አቅም ባላቸው አዲሶች ቢተኩ ለንድፉ ታማኝ መሆን ነው። በኳድ 2 ሁለቱ ኬ.ቲ. 66 የሚጋሩት የ180 ኦም የካቶድ ሬዚስተርም በሙቀት ብዛት ዋጋው ሊለወጥ ስለሚችል አብሮ መለካት አለበት። መዛባቱ ከእድሳቱ በፊትና በኋላ ተለክቶ ይመዝገብ፤ የተነሡት ዕቃዎችም የነበሩበት ቦታ ተጽፎባቸው ከመሣሪያው ጋር ይቀመጡ።