ስለ እንጀራና ስለ ማመስገን

ሰው በየቀኑ የሚያገኘውን ነገር ልብ አይለውም። ፊቱን ይታጠባል፤ ውኃውን ማን እንደ ቀዳው አይጠይቅም። እንጀራ ይቈርሳል፤ ስንት ሰው እንደ ደከመበት አያስብም። ብርቅ ነገር ሲያገኝ ግን ይደነቃል፤ ደጋግሞም ያመሰግናል። ነገር ግን ሰውን በሕይወት የሚያኖረው የየቀኑ ነገር ነው እንጂ ብርቅ ነገር አይደለም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ምስጋና የሚገባው ለዚህ ለየቀኑ ነገር ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው እንጀራ ነው። የጤፍ ፍሬ እጅግ ታናሽ ናት፤ አንድ ሺህ ፍሬ ተቈጥሮ በሚዛን ቢቀመጥ ግማሽ ግራም አይሞላም። ገበሬው ግን ስለዚህች ታናሽ ፍሬ መሬቱን ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ደጋግሞ ያርሳል። በሐምሌ ወር በዝናብና በጭቃ ውስጥ ይዘራል። ቀጥሎም ቤተ ሰቡ ጐንበስ ብሎ አረሙን ይነቅላል። በኅዳር ይታጨዳል፤ በአውድማ ላይ በሬዎች እየረገጡ ያበራዩታል፤ በነፋስም ገለባው ከፍሬው ይለያል።

ከዚህ በኋላ የእናት ድካም ይጀመራል። ጤፉ በወንፊት ይነፋል፤ ከዚያም ይፈጫል። በቀድሞ ዘመን ሴቶች በሌሊት ተነሥተው በድንጋይ ወፍጮ ይፈጩ ነበር፤ ዛሬ ግን በብዙ ስፍራ የሞተር ወፍጮ ይህን ድካም አቅልሎታል። ዱቄቱ በውኃና በእርሾ ተቦክቶ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቆያል። ከሊጡም ጥቂት ተወስዶ በፈላ ውኃ ይበስላል፤ ይህም አብሲት ይባላል። አብሲቱ ከሊጡ ጋራ ተቀላቅሎ ኩፍ ሲል ምጣዱ ይጣዳል።

በምጣዱ ፊት የእናት ልብ ወደ ሌላ ነገር ቢሄድ እንጀራው ይበላሻል። ምጣዱ ሳይግል ሊጡን ብታፈስስ ዓይን አያወጣም፤ እጅግ ቢግል ያርራል። አክንባሎውን ቶሎ ብትከፍት አይበስልም፤ ብታዘገይ ይደርቃል። ስለዚህ መልካም ጋጋሪ እጅዋ ባለበት ልብዋንም ታኖራለች። በእንጀራው ገጽ ላይ የሚታዩት ዓይኖች የሚወጡት ሊጡ ሲቦካ የተፈጠረው አየር በምጣዱ ሙቀት ወደ ላይ ሲወጣ ነው። እንጀራው ዓይን ኖሮት የሚበላው ሰው የማያይ ቢሆን ያሳዝናል።

በአንድ ቤት ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ታላቁ ሲበላ አይመለከትም ነበር። አንድ ቀን «ጠርዙ ደርቋል» ብሎ ቁራሹን ወደ መሬት ጣለው። እናቱ ምንም ሳትናገር አነሣችው፤ አራግፋም ከድርቆሹ ጋራ አኖረችው። ታናሹ ይህን አየ፤ በልቡም ያዘው።

በማግሥቱ እናቲቱ ስትጋግር ታናሹ እንጨት እንዲያቀብል ተጠራ። እንጨቱ እርጥብ ስለ ነበረ ቤቱ በጢስ ተሞላ። እናቱም በነጠላዋ ጫፍ ዓይንዋን ስትጠርግ አያት። «እናቴ ሆይ፥ ስለ ምን ታለቅሻለሽ?» አላት። እርስዋም «ልቅሶ አይደለም ልጄ፤ ጢሱ ነው። ይህማ የየቀኑ ነው» አለችው።

ልጁ ይህን ቃል አልረሳውም። ይህን ያህል ዘመን ከእናቱ እጅ ሲበላ ጢሱን አላየም ነበርና። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እንጨቱን ፈልጦ በፀሐይ ላይ ያሰጣው ነበር፤ ማታም ወደ ቤት ያስገባዋል። በሚቀጥለው የመጋገሪያ ቀን እሳቱ በደረቅ እንጨት ነደደ፤ ጢሱም ጥቂት ብቻ ሆነ። እናቲቱ ዓይንዋን ሳትጠርግ ጋግራ ጨረሰች። ታላቅ ወንድሙም «ዛሬ ጢሱ ወዴት ሄደ?» ብሎ ጠየቀ። በሰማም ጊዜ ዝም አለ፤ በማግሥቱ ግን መጥረቢያውን ያነሣ እርሱ ነበረ።

የየቀኑ ነገር ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከታጣ በኋላ ነው። በ1977 ዓመተ ምሕረት በሰሜን ኢትዮጵያ ጽኑ ረኃብ በሆነ ጊዜ ብዙ ሰዎች የሚበሉትን አጥተው አለቁ። በዚያ ወራት አንድ ቁራሽ ከወርቅ ይልቅ የከበረ ነበረ። ነገር ግን የእንጀራን ክብር ለማወቅ ረኃብን መጠበቅ አይገባም፤ ጥጋብ ሳለ ማወቅ ብልህነት ነው።

ስለዚህ ልጅ ቤት ሲጠርግ፥ ውኃ ሲቀዳ፥ ዕቃ ሲያጥብ፥ ሲበላም ልቡን እጁ ባለበት ያኑር። «ይህ በማን ድካም ወደ እኔ ደረሰ?» ብሎም ራሱን ይጠይቅ። መልሱን ያገኘ ልጅ ቁራሽ አይጥልም፤ የደከመውንም ሰው ሳያግዝ አያልፍም። ምስጋና በአፍ ይጀመራል፤ በእጅ ይፈጸማል።

ጥያቄ
፩ የጤፍ ፍሬ እንጀራ እስኪሆን ድረስ የሚሠራውን ሥራ በተራ ተናገር።
፪ ታናሹ ልጅ እናቱን ያመሰገነው በምንድር ነው?
፫ በቤትህ በየቀኑ ከሚደረገው ሥራ እስከ ዛሬ ልብ ያላልኸው የቱ ነው?