ትምህርት ዘጠኝ፦ የማነጻጸሪያ ድርሰት

1. መግቢያ

ሰው በየዕለቱ ሲያነጻጽር ይውላል። ገበያ የወጣ ሰው አንዱን ሸማ ከሌላው ሸማ፣ የወደፊት ሕይወቱን የሚያስብ ተማሪ አንዱን ሙያ ከሌላው ሙያ ጋር ያስተያያል። ይህ ማስተያየት በጽሑፍ ሲቀርብ የማነጻጸሪያ ድርሰት ይባላል። የማነጻጸሪያ ድርሰት ዓላማ የሁለት ነገሮችን አንድነትና ልዩነት መዘርዘር ብቻ አይደለም፤ አንባቢውን ከአንድ ውሳኔ ማድረስም ነው። በዚህ ትምህርት ለሁለት ቀን ዕረፍት ከሁለት የአውሮፓ ከተሞች አንዷን የመምረጥን ጉዳይ በምሳሌነት ወስደን የማነጻጸሪያ ድርሰት እንዴት እንደሚዘጋጅ እንማራለን።

2. የሰዋስው ማስታወሻ

በአማርኛ ቅጽል ለማበላለጥ ሲባል ቅርጹን አይለውጥም። ማበላለጥ የሚገለጸው «ከ» በተባለው መስተዋድድና በግሥ ነው፤ ወይም «ይልቅ» የሚለው ቃል ይታከልበታል።

ምሳሌ፦ ዓባይ ከአዋሽ ይረዝማል።
ከአዋሽ ይልቅ ዓባይ ረጅም ነው።

አሁን ደግሞ ይህን ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ፦ «ፓሪስ ከኮሎኝ ትበልጣለች።» ዓረፍተ ነገሩ የሰዋስው ስሕተት የለበትም። ይሁን እንጂ እውነት ነው ወይስ ሐሰት ተብሎ ቢጠየቅ መልስ መስጠት ያስቸግራል። በሕዝብ ብዛት ከሆነ እውነት ነው፤ የፓሪስ ነዋሪዎች ከ2 ሚሊዮን ሲበልጡ የኮሎኝ ነዋሪዎች ከ1 ሚሊዮን ጥቂት ከፍ ይላሉ። በቆዳ ስፋት ከሆነ ግን ሐሰት ነው፤ የፓሪስ ከተማ ክልል 105 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የኮሎኝ 405 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ስለዚህ «ከ» የሚያመለክተው አንድ ነገር ከማን ጋር እንደሚነጻጸር ብቻ ነው። በምን እንደሚነጻጸር የሚያስረዳው «በ» ነው። «በምን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የማይሰጥ ንጽጽር መስፈርት የሌለው ንጽጽር ነው።

3. ምንባብ

የሚከተለውን ድርሰት በጥሞና አንብቡ። በምታነቡበት ጊዜ የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ልብ በሉ።

የሁለት ቀን ዕረፍት

በቤልጂየም ዋና ከተማ በብራስልስ የምትሠራ አንዲት ኢትዮጵያዊት አለች እንበል። ልጃቸውን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ የመጡት እናቷ ወደ አገራቸው ለመመለስ አንድ ሳምንት ቀርቷቸዋል። ልጅቱ ከሥራ ነጻ የምትሆነው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ስለሆነ፣ በእነዚህ ቀናት እናቷን አንድ ታላቅ ከተማ ልታሳያቸው አስባለች። በሐሳቧ የመጡት ፓሪስና ኮሎኝ ናቸው። እናቷ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ብዙ መራመድም ሆነ ደረጃ መውጣት አይችሉም።

በጉዞ ጊዜ ፓሪስ ትሻላለች። ፈጣኑ ባቡር ከብራስልስ ተነሥቶ ፓሪስ የሚደርሰው በ1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ያህል ሲሆን፣ ኮሎኝ ለመድረስ ግን 2 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ሆኖም ልዩነቱ ከግማሽ ሰዓት ብዙም ስለማይበልጥ ብቻውን ለውሳኔ አያበቃም።

በሚታዩት ነገሮች ብዛትም ፓሪስ ከኮሎኝ እጅግ ትበልጣለች። እ.ኤ.አ. በ1793 ለሕዝብ የተከፈተው የሉቭር ሙዚየም፣ በ1889 የተሠራው የአይፍል ማማ፣ በ2019 ተቃጥሎ ከታደሰ በኋላ በ2024 መጨረሻ የተከፈተው የኖትርዳም ካቴድራል የሚገኙት በዚህች ከተማ ነው። ይሁን እንጂ ሉቭርን ብቻ በወጉ ለማየት አንድ ሙሉ ቀን አይበቃም።

በድካም ማነስ ግን ኮሎኝ ከፓሪስ ትሻላለች። የፓሪስ ታላላቅ ሥፍራዎች ከባቡር ጣቢያው የራቁ ናቸው፤ ከቆዩት የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች አብዛኞቹም አሳንሰር ስለሌላቸው ደረጃ መውጣትና መውረድ ግድ ይሆናል። በአንጻሩ የኮሎኝ ካቴድራል የቆመው ከዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። ከዚያም ጥቂት ደቂቃ ተራምዶ ከራይን ወንዝ ዳር መድረስና በጀልባ ተቀምጦ ከተማዋን ማየት ይቻላል።

ለእናትየዋ በሚኖረው ትርጉምም ኮሎኝ የምትሰጠው ልዩ ነገር አለ። የካቴድራሉ ግንባታ እ.ኤ.አ. በ1248 ተጀምሮ፣ መሐል ላይ ለብዙ ዘመን ተቋርጦ፣ የተፈጸመው በ1880 ነው፤ ቁመቱም 157 ሜትር ይደርሳል። በውስጡ የሰብአ ሰገል አፅም እንዳለበት የሚታመን በወርቅ የተለበጠ ሣጥን ይገኛል። አፅሙ ከሚላኖ ወደ ኮሎኝ የመጣው በ1164 እንደሆነ ታሪክ ይናገራል። የሰብአ ሰገልን ነገር ከልጅነታቸው ጀምሮ በየገናው ሲሰሙ ላደጉ እናት ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በፓሪስ የማያውቁትን ብዙ ነገር ያያሉ፤ በኮሎኝ ግን የሚያውቁትን አንድ ነገር ያገኛሉ።

ምንም እንኳ ኮሎኝ በእነዚህ ነጥቦች ብትሻልም ጉድለት የለባትም ማለት አይደለም። በጀርመን አገር እሑድ ቀን አብዛኞቹ ሱቆች ዝግ ናቸው። እሑድ ጠዋትም በካቴድራሉ ቅዳሴ ስለሚኖር ጎብኚ እንደ ልቡ ሊዘዋወር አይችልም። ስለዚህ ካቴድራሉን ማየትና ለዘመድ የሚሆን ስጦታ መግዛት የቅዳሜ ሥራ ይሆናል፤ የጀልባው ሽርሽር ለእሑድ ይተላለፋል።

እንግዲህ ልጅቱ ኮሎኝን ብትመርጥ ፓሪስን ንቃ አይደለም። የሁለቱ ቀናት ዓላማ እናቷ ሳይደክሙ አብረው እንዲውሉ ስለሆነ ነው።

4. የድርሰቱ አደረጃጀት

ሀ. ጸሐፊው ከማነጻጸሩ በፊት ዓላማውን ገልጿል። ተጓዦቹ እነማን እንደሆኑ፣ ስንት ቀን እንዳላቸውና ችግራቸው ምን እንደሆነ ባናውቅ ኖሮ መስፈርቶቹ ከየት እንደመጡ አይገባንም ነበር።

ለ. ንጽጽሩን የያዙት አንቀጾች ሁሉ መስፈርታቸውን ገና ከመነሻቸው ይናገራሉ፤ «በጉዞ ጊዜ»፣ «በሚታዩት ነገሮች ብዛት»፣ «በድካም ማነስ»፣ «በሚኖረው ትርጉም»።

ሐ. ጸሐፊው የማይመርጣትን ከተማ ብልጫ አልደበቀም፤ የመረጣትንም ጉድለት አልሸፈነም። ይህን ያደረገው «ይሁን እንጂ»፣ «በአንጻሩ»፣ «ምንም እንኳ» በሚሉት አያያዦች ነው።

መ. ውሳኔው የተገኘው ነጥቦቹን በመቁጠር አይደለም። ሁለቱ መስፈርቶች ለፓሪስ፣ ሁለቱ ለኮሎኝ ያደላሉ። ሚዛኑን ያነሣው ዓላማው ነው። ተጓዡ ሥዕል የሚያጠና ወጣት ቢሆን ኖሮ በዚያው ማስረጃ ፓሪስ ትመረጥ ነበር።

5. መልመጃ

ሀ. በሚከተሉት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ የጎደለውን መስፈርት በ«በ» አሟሉ።
1. ባቡር ከአውቶቡስ ይሻላል።
2. ክረምት ከበጋ ይመረጣል።
3. የእኛ ትምህርት ቤት ከጎረቤቱ ትምህርት ቤት ይበልጣል።

ለ. ከምንባቡ ውስጥ «ምንም እንኳ» የሚገኝበትን ዓረፍተ ነገር አውጡና «ይሁን እንጂ» በሚለው አያያዥ መልሳችሁ ጻፉት። የትኛው ክፍል እንደጠነከረ አስረዱ።

ሐ. ተጓዧ ሥዕል የምታጠና ተማሪ ናት ብላችሁ የምንባቡን የመጨረሻ አንቀጽ እንደገና ጻፉ። አዲስ ማስረጃ አትጨምሩ።

መ. አያታችሁን ወይም አንድ ሌላ ሽማግሌ ለሁለት ቀን ይዛችሁ ልትሄዱባቸው የምትችሉ፣ በአካባቢያችሁ የሚገኙ ሁለት ከተሞችን ምረጡ። በመጀመሪያ ዓላማችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ቀጥሎ ከዓላማው የሚመነጩ ሦስት መስፈርቶች አውጡ። በመጨረሻም በውሳኔ የሚያበቃ የአምስት አንቀጽ ድርሰት አዘጋጁ።