ወተት ሲፈላ አፍላቶክሲን ይጠፋል? ለእማማ የሰጠሁት የተሳሳተ መልስ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ወተት ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልናገር፦ ከሁለት ወር በፊት ለአንዲት እናት የተሳሳተ ነገር ነግሬያቸዋለሁ።

ፒያሳ በምሠራበት ክሊኒክ አንዲት እማማ የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጅቷ ሁለት ዓመት ከአራት ወሯ ነው። እናቷ ቤይሩት ነች፣ የሚያሳድጓት አያቷ ናቸው። የመጡት ለሳል ነበር፤ ሳሉ ተራ ጉንፋን ነው። ሚዛን ላይ ሳቆማት ግን 10.2 ኪሎ ሆነች። ካርዷን ገለጥ ሳደርግ ከሦስት ወር በፊት 10.9 ነበረች። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በሦስት ወር ውስጥ ግማሽ ኪሎ ገደማ መጨመር ሲገባው እሷ ቀንሳለች።

«እማማ፣ ምን ትበላለች?» አልኳቸው።

«ሁሉን ትበላለች ዶክተርዬ። ወተቱን ብቻ ነው ያስተውኳት።»

«ለምን?»

«ካንሰር አለው አሉኝ እኮ! የጎረቤት ልጅ በስልኩ አሳየኝ። ከአሥር ወተት ዘጠኙ መርዝ ነው ይላል።»

ለካ የቀረው ወተቱ ብቻ አይደለም። በወተት ይሠራላት የነበረው ገንፎም በውሃ ሆኗል። እንቁላል ከተወደደ ወዲህ አልፎ አልፎ ነው፣ ሥጋማ ለበዓል። ወተት ሲወጣ ከልጅቷ ማዕድ ላይ ዋናው ፕሮቲን አብሮ ወጥቷል።

በር ላይ ወረፋው ረጅም ነበር። እኔም ቀለል አድርጌ «እማማ፣ ይሄ የፌስቡክ ወሬ ነው። በደንብ ካፈሉት ምንም አይሆንም። ይስጧት» አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳጣራ ከተናገርኳቸው ሦስት ነገሮች ሁለቱ ስህተት ሆነው አገኘኋቸው። ወሬ አይደለም፤ ጥናቱ አለ። ማፍላትም ይህንን መርዝ አያጠፋውም። ትክክል የነበረው «ይስጧት» የሚለው ብቻ ነው።

ጥናቱ ምን ይላል?

እዚህ አዲስ አበባ ግቢ ያለው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት (ኢልሪ) ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ፉድ ኮንትሮል በተባለ የሳይንስ መጽሔት ላይ ታትሟል። ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ፣ ከ100 ወተት አምራቾችና ከ10 ነጋዴዎች፣ 110 የወተት ናሙና ተወሰደ። ላሞቹ ከሚበሉት መኖ ደግሞ 156 ናሙና። ሁሉም ወተት ውስጥ አፍላቶክሲን ኤም ዋን የሚባለው መርዝ ተገኘ። መጠኑ በሊትር ከ0.028 እስከ 4.98 ማይክሮግራም ነው። ማይክሮግራም ማለት የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

አሁን ይቺን ነገር ልብ በሉልኝ። የአውሮፓ ኅብረት በወተት ውስጥ የሚፈቅደው ጣሪያ በኪሎ 0.05 ማይክሮግራም ነው። አሜሪካና ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ የሚፈቅዱት ግን 0.5 ነው፤ አሥር እጥፍ ይበልጣል። በአውሮፓ መለኪያ ከ110ሩ ናሙና ያለፉት 9 ብቻ ናቸው። «ከአሥር ዘጠኙ መርዝ ነው» የሚለው የመጣው ከዚህ ነው። በሁለተኛው መለኪያ ግን የወደቁት 29 ናቸው፣ ከአራቱ አንድ ገደማ። ጥናቱ ያው አንድ ነው፤ እንደ መስፈርያው ሁለት ዜና ይወጣዋል።

ሰርቢያ ውስጥ ይሄው ነገር በመንግሥት ደረጃ ታይቷል። በ2012 ድርቅና ሙቀት በቆሎውን መታው፣ በቆሎው ሻገተ፣ ላሞቹ በሉት። በ2013 መጀመሪያ ወተቱ በአውሮፓው መለኪያ አላልፍ ሲል መንግሥት ጣሪያውን ከ0.05 ወደ 0.5 ከፍ አደረገው። ወተቱ ሳይለወጥ «የተመረዘ» የነበረው «ደህና» ሆነ።

ታዲያ የትኛው ነው ልክ? የዓለም ጤና ድርጅትና የፋኦ የጋራ የባለሙያ ኮሚቴ በ2001 ይህንኑ ጥያቄ መርምሮ ነበር። በሁለቱ ጣሪያዎች መካከል ያለው የጉበት ካንሰር አደጋ ልዩነት በጣም ትንሽ ነው ብሎ ደመደመ። ይሄ ግን 0.5 አካባቢ ላለ ወተት ነው። እኛ ጋ እስከ 4.98 የደረሰ አለ፤ እሱ በየትኛውም መለኪያ አያልፍም። ስለዚህ «ምንም የለም» ማለትም አልችልም፣ «ወተት መርዝ ነው» ማለትም አልችልም።

መርዙ ከየት መጣ?

አፍላቶክሲንን የሚሠራው አስፐርጂለስ ፍላቨስ የሚባል ሻጋታ ነው፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። የታወቀው በ1960 እንግሊዝ አገር ነው። ከ100 ሺህ በላይ ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች በአጭር ጊዜ አለቁ። በሽታው ምን እንደሆነ ስላልታወቀ «ኤክስ» ተባለ። ኋላ ሲጣራ ከብራዚል የመጣው የኦቾሎኒ መኖ ሻግቶ ነው።

ላሟ የሻገተ መኖ ስትበላ አፍላቶክሲን ቢ ዋን ጉበቷ ውስጥ ገብቶ ወደ ኤም ዋን ይለወጣል፣ ከዚያ በወተቷ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ከበላችው ውስጥ ወደ ወተት የሚያልፈው ከመቶ ከ1 እስከ 2 እጅ ነው፣ ብዙ በምትታለብ ላም ላይ እስከ 6 ይደርሳል። ካንሰር የማምጣት ኃይሉም ከቢ ዋን አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ላሟ ለእኛ ማጣሪያ ሆናለች ማለት ይቻላል፣ ጉበቷ እየከፈለ።

ከመኖዎቹ ሁሉ ብሶ የተገኘው ፋጉሎ ነው፣ ኑግ ተጨምቆ ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው። በኪሎ ከ290 እስከ 397 ማይክሮግራም ቢ ዋን ተገኝቶበታል። ነገሩ አያስገርምም፤ ርጥበት ሲያገኘው፣ ሲቆለል፣ አየር ሲያጣ ለሻጋታ ከዚህ የተመቸ ቤት የለም። ግን ፋጉሎ ለከብት አርቢው በርካሽ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። «ተዉት» ማለት ለኔ ቀላል ነው፣ ለሱ ግን ወተቱ ይቀንስበታል።

ደስ የሚለው ነገር፣ የላሟ መኖ ሲስተካከል ወተቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጸዳል። መርዙ በወተት ውስጥ ለዓመታት የሚቀመጥ ነገር አይደለም።

ማፍላትስ?

አፍላቶክሲን ሙቀት የሚችል ነገር ነው። ለመፍረስ ከ230 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ ወተት የሚፈላው 100 አካባቢ ነው፣ እኛ ከፍታ ላይ ስላለን አዲስ አበባ ውስጥ ከዚያም ያነሰ ነው። የፋብሪካ ወተትም በማሞቅ ብቻ ከዚህ አይድንም። የፋብሪካው የሚለየው ከብዙ አርቢ ተቀላቅሎ ስለሚመጣ ነው፤ በጣም መጥፎው ከደህናው ጋር ሲደባለቅ መሀል ላይ ይወርዳል። አይብ ላይ ደግሞ ይጠነክራል፣ ምክንያቱም መርዙ ከወተቱ ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። ቅቤ ላይ ትንሽ ነው።

እባካችሁ ከዚህ ተነስታችሁ ማፍላት እንዳታቆሙ! ማፍላት የብሩሴላን ባክቴሪያ፣ የከብት ቲቢንና የተቅማጥ ጀርሞችን ይገድላል። በኔ ክሊኒክ ጥሬ ወተት ጠጥቶ የታመመ ሰው አይቻለሁ፤ በወተት አፍላቶክሲን ታመምኩ ብሎ የመጣ ግን አላየሁም። አፍላቶክሲን ባንዴ የሚገድለው ብዙ መጠን ከእህል ሲበላ ነው። በ2004 ኬንያ ውስጥ በሻገተ በቆሎ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል።

ልጆችን በተመለከተ ደግሞ ሚዛኑን እንየው። በ2002 ቤኒንና ቶጎ ውስጥ በ480 ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት ደማቸው ውስጥ አፍላቶክሲን የበዛባቸው ልጆች ቁመታቸው ማነሱን አሳይቷል። እሱ ግን በዋናነት በበቆሎና በኦቾሎኒ የገባ ነው። በኢትዮጵያ በ2019ኙ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው ቀንጭረዋል። እንዲህ ባለ አገር ከልጅ አፍ ላይ ወተት ነጥቆ በምትኩ ምንም አለመስጠት፣ ለሩቅ አደጋ ብሎ የቅርቡን መጥራት ነው። እማማ ቤት የሆነውም ይሄው ነው።

ማኪያቶ ለምትሉኝ፣ አውቃለሁ ትጠይቃላችሁ፤ ፒያሳ እየዋልኩ ማኪያቶ ተዉ የምል ሰው አይደለሁም። አንድ ስኒ ውስጥ ያለው ወተት ትንሽ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የምትጨምሩት ስኳር ነው።

ይልቅ የኦቾሎኒውን ጉዳይ አስቡበት። ከባቢሌ፣ ከፈዲስና ከጉርሱም አካባቢ በተወሰደ ኦቾሎኒ ላይ በተሠራ ጥናት አንዳንዱ ናሙና በኪሎ ከ11 ሺህ ማይክሮግራም በላይ ተገኝቶበታል። ቁጥሩን ከወተቱ ጋር አወዳድሩት! በ1996ም ኢትዮጵያን ሜዲካል ጆርናል ላይ በወጣ የአዲስ አበባ ጥናት ከ60 የሽሮ ናሙና 5፣ ከ60 የበርበሬ ናሙና 8 አፍላቶክሲን ነበረባቸው። በጾም ወተት ትታችሁ ወደ ኦቾሎኒ ስትሄዱ ከመርዙ ሸሻችሁ ማለት አይደለም። የተጨማደደ፣ ቀለሙ የጠቆረ፣ ሲታኘክ የሚመር ኦቾሎኒ ካለ ጣሉት፤ መቁላት አያድነውም። የሽሮና የበርበሬ እህል ከመፈጨቱ በፊት በደንብ ይድረቅ፣ ጆንያው ከወለል ከፍ ይበል፣ ከግድግዳም ይራቅ። የክረምት የአዲስ አበባ ጓዳ ርጥበቱን ታውቁታላችሁ።

አንድ የማይነገርለት ነገር ልጨምር። በአንድ ዓይነት የአፍላቶክሲን መጠን፣ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ላይ የጉበት ካንሰር አደጋው 30 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። በ2016 የታተመ አንድ ግምገማ በኢትዮጵያ ከመቶ ሰው 7.4ቱ ቫይረሱ አለበት ይላል። ሕፃናት ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በፔንታቫለንት ውስጥ ክትባቱን ያገኛሉ። ከዚያ በፊት የተወለድን ብዙዎቻችን አላገኘንም፤ እኔ ራሴ የወሰድኩት ሐኪም ልሆን ስል ነው። አፍላቶክሲንን ከምግብ ውስጥ በዓይናችሁ አታዩትም፣ አታሸቱትም። ቫይረሱን ግን በአንድ የደም ምርመራ ታውቁታላችሁ፣ ከሌለባችሁ ትከተባላችሁ። ስለ ወተት ተጨንቆ ሄፓታይተስ ያልተመረመረ ሰው ፊቱን ወደ ተሳሳተ በር አዙሯል።

ምርምሩም አልቆመም። ሻጋታውን በሻጋታ የመዋጋት ዘዴ አለ፤ መርዝ የማይሠራውን የአስፐርጂለስ ዘር ማሳ ላይ በትኖ መርዘኛውን ቦታ ማሳጣት ነው። አፍላሴፍ ይባላል፣ ናይጄሪያና ኬንያ ውስጥ ለበቆሎ ይጠቀሙበታል። መኖ ላይ ደግሞ ቤንቶናይት የሚባል የሸክላ ዓይነት ሲጨመር መርዙን ሆዷ ውስጥ ይዞ በእበት ያስወጣዋል። ለኛ ፋጉሎ የሚቀርበው ይሄኛው ይመስለኛል።

ወደ እማማ ልመለስ። በማግስቱ ደወልኩላቸው። «እማማ፣ ትናንት ተሳስቻለሁ፣ ማፍላት ይሄንን አያጠፋውም» ስላቸው ዝም አሉ። ከዚያ «ታዲያ ልስጣት ወይስ አልስጣት?» አሉኝ። ይስጧት፣ አፍልተው፣ ግን ወተቱን የሚገዙባቸውን ሴት ላሟ ምን እንደምትበላ ይጠይቁልኝ አልኳቸው።

ወተቱ የሚመጣው ጉለሌ በኩል ሁለት ላም ካላቸው ሴት ነው። ጠይቀው ነገሩኝ፦ ገለባ፣ ፉርሽካ፣ ፋጉሎ፣ ከዳቦ ቤት በርካሽ የሚገዛ የሻገተ ዳቦ። ሴትየዋ ክፉ አይደሉም፤ «ለከብት ምን ይሆናል ብዬ እኮ ነው» ብለዋል። ዳቦውን አቁመዋል። ፋጉሎውን «እሱን ካልሰጠሁ ወተት ከየት ይመጣል?» ብለው እምቢ አሉ፣ ግን ትንሽ ትንሽ እየገዙ፣ በእንጨት ላይ አድርገው፣ የሻገተውን እየለዩ ሊሰጡ ተስማምተዋል። ወተቱን አላስመረመርነውም፤ ስለዚህ መርዙ በስንት እንደቀነሰ ልነግራችሁ አልችልም።

የልጅቷን ግን እነግራችኋለሁ። ገንፎው ወደ ወተት ተመልሷል፣ በሳምንት ሦስት እንቁላልም ተጨምሯል። ባለፈው ማክሰኞ ሚዛን ላይ ስትቆም 10.6 ሆናለች። ቀጣዩ ቀጠሮዋ ከወር በኋላ ነው።