የድባቴ መድኃኒት ሱስ ያስይዛል?

ጥያቄ፦ እናቴ ለድባቴ ፍሉኦክሴቲን መውሰድ ከጀመረች አራት ወር ሆኗታል፤ አሁን ደህና ናት። ጎረቤቶች ግን «ሱስ ይሆንብሻል፣ ጠበሉ ይበቃሻል» እያሉ ያስጨንቋታል። እውነት ነው? (ከገሳይ)

መልስ፦ አይደለም። ሱስ የሚያስይዝ ነገር አምሮት ያመጣል፣ መጠኑ እያደገ ይሄዳል፣ ሲታጣ ፍለጋ ያስወጣል። ፍሉኦክሴቲንም ሆነ ሌላው የድባቴ መድኃኒት አሚትሪፕቲሊን እንዲህ አያደርጉም። ጎረቤቶቻችሁ ከማረጋጊያው መድኃኒት ከዳያዜፓም ጋር ሳያምታቱት አልቀረም፤ እሱ በሳምንታት ውስጥ ሊለመድ ስለሚችል ስጋታቸው ለእሱ ቢሆን ልክ ነበር።

ነገር ግን የድባቴ መድኃኒት በድንገት የሚቋረጥ አይደለም። ሰውነት ይለማመደዋል፤ በአንዴ ሲቆም ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣትና መነጫነጭ ሊመጣ ይችላል። ፍሉኦክሴቲን ከሰውነት የሚወጣው በዝግታ ስለሆነ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ቀለል ይላል። ቤተሰብ እነዚህን ምልክቶች ሲያይ «ይኸው ሱስ ሆነባት» ይላል፤ ከዚያ ሳምንታት ቆይቶ ድባቴው ሲመለስ ደግሞ ወቀሳው በመድኃኒቱ ላይ ይወድቃል።

መጠኑን እየጨመሩ መሄድም የተለመደ አይደለም። አንዳንድ ሰው ላይ መድኃኒቱን እየወሰደ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል፤ ያኔ መጠኑን የሚያስተካክለው ወይም መድኃኒቱን የሚቀይረው ሐኪም ነው።

እናትዎ ከተሻላቸው በኋላ ቢያንስ 6 ወር ይቀጥሉ። ጠበሉን ይጠመቁ፣ ይጠጡም፤ መድኃኒቱን ግን አይተዉ። ለማቆም ሲታሰብ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሄደው ቀስ በቀስ ይቀነስላቸው። መድኃኒቱን እየወሰዱ አረቄ ግን ይቅርባቸው። ቀጠሯቸውንም መድኃኒቱ ከማለቁ ጥቂት ቀናት በፊት ያድርጉት።