የተፈረደበት ሰው ስለ አያያዙ መክሰስ ይችላል?

እኛ አምበር ላይ «እገሌ ተፈረደበት» ከተባለ ወሬው እዚያው ያልቃል። «ጥፋተኛ ነው፤ ደግሞ ምን መብት አለው?» ይባላል። እኔም የሚዲያ ሕግ እስክማር ድረስ እንደዚያው ነበር የማስበው።

ጥያቄው ግን ሁለት ነው። ሰውየው ወንጀሉን ሠርቷል ወይ? የተያዘውስ በሕግ ነው ወይ? በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ለጉዞ የሚያስፈልገው ተገቢ ጊዜ አይቆጠርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 2040 ያለ ሕግ የሰውን ነፃነት የነካ ጥፋተኛ ነው ይላል፤ ካሣ ያስከፍላል ማለት ነው። ኋላ የመጣ ፍርድ ያለ ሕግ የታሰረበትን ቀን ሕጋዊ አያደርገውም።

ችግሩ ጊዜው ነው። ዋላስ የተባለ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1994 ቺካጎ ውስጥ በ15 ዓመቱ ተይዞ በግድያ ተፈረደበት። አያያዙ ሕገ ወጥ ነበር ተባለና በ2002 ክሱ ተነሣለት። በ2003 ፖሊሶቹን ከሰሰ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2007 የሁለት ዓመቱ ይርጋ ክሱ እስኪነሣ አይጠብቅም ብሎ፣ ዘግይተሃል አለው።

በእኛም ሕግ አንቀጽ 2143 የካሣ ክስ ጊዜው በመርሕ ደረጃ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው። ይህ ጊዜ ሰውየው ወህኒ ቤት እንደተቀመጠ ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ የፍርድ ቤት ዜና ስንሠራ «ስንት ዓመት ተፈረደበት?» ብለን አናቁም። «መቼ ተያዘ? መቼ ዳኛ ፊት ቀረበ?» ብለንም እንጠይቅ።