በጊፋታ ማዕድ ፊት ራስን ስለ መግዛት

በዚህች ትምህርት የምንመረምረው ነገር ታናሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በብዙ ቤት ታላቅ ጭንቅ ሆኖአል። ከሐኪም ፊት ቀርቦ «በደምህ ውስጥ ስኳር በዝቶአልና ክብደትህን ቀንስ» የተባለ ሰው በሰኔና በሐምሌ ተግቶ ይቀንሳል። መስከረም በገባ ጊዜ ግን የወራት ድካሙ በጥቂት ሳምንት ይጠፋበታል። ይህ ሰው ሁልጊዜ ሆዳም ሆኖ አይደለም፤ የዘመዶቹን ማዕድ የናቀ እንዳይመስል ስለሚፈራ ነው እንጂ። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ሰው የጋበዘውን ሳያሳዝን፥ ሐኪሙም ያዘዘውን ሳያፈርስ፥ በዓልን ማክበር ይችላልን? አዎን፥ ይችላል። እንዴት እንደሚችል በየተራው እንመልከት።

አስቀድሞ ግን ይህን አስተውል። ይህ ቃል ክብደት እንዲቀንስ በሐኪም ለተመከረና ከመጠን በላይ ለወፈረ ጎልማሳ የተጻፈ ነው። ለነፍሰ ጡር፥ ለምታጠባ እናት፥ ለሕፃን፥ ሰውነቱም ለከሳ ሰው የተጻፈ አይደለም። እነዚህ ይብሉ፤ ይጠግቡም።

1ኛ፤ ውፍረት ስለ ምን እንደ በረከት ተቆጠረ

የወላይታ ምድር ለምለም ናት። እንሰትና ጎደሬ፥ ስኳር ድንችና ቦዬ፥ በቆሎና ጎመን ታበቅላለች። ነገር ግን ሕዝቡ ብዙ፥ የእያንዳንዱም ማሳ ጠባብ ስለ ሆነ፥ ዝናብ በተጓደለ ጊዜ ችግር ፈጥኖ ይደርሳል። በ1977 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የነበረውን ረኃብ ያዩ ሽማግሌዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ማሳው ለምልሞ ሳለ ማዕዱ ባዶ የሚሆንበትን ወራት የሚያውቅ ሕዝብ፥ ወፍሮ ያየውን ሰው «ተመችቶሃል» ብሎ ቢያመሰግን፥ ከስቶ ያየውንም «ምን ነካህ? ታመሃልን?» ብሎ ቢያዝንለት፥ ይህ ፍቅር ነው፤ ሊነቀፍ አይገባውም።

ዳሩ ግን ዘመኑ ሁለት ዓይነት ችግር በአንድ ቤት አኑሮአል። በአንዱ ማዕድ ዳር የከሳ ሕፃን ይቀመጣል፤ በሌላው ዳር ስኳርና የደም ግፊት የያዘው አባት ይቀመጣል። ቀድሞ ወደ ገበያ በእግሩ ይሄድ የነበረ ሰው አሁን በባጃጅና በሞተር ይሄዳል፤ ማሳ ይቆፍር የነበረውም ቀኑን ሁሉ በወንበር ላይ ይውላል። ሥራው ቀንሶ ሳለ የበዓሉ ማዕድ ግን አልቀነሰም። ስለዚህ ጎረቤትህ «ከሳህ» ቢልህ አትፈር፤ «በሐኪም ምክር በፈቃዴ ነው፤ ደኅና ነኝ» ብለህ በግልጥ ንገረው። ምክንያቱን የሰወርህ እንደ ሆነ ሰው የፈቀደውን ይገምታል፤ ከገለጥህለት ግን ብዙ ጊዜ ይረዳሃል።

2ኛ፤ በዓል አንድ ቀን እንዳልሆነ

የወላይታ ሕዝብ ዘመን መለወጫ ጊፋታ በመስከረም ወር ከ14 እስከ 20 ባለው ጊዜ በሚውለው እሑድ ይከበራል። ወንዶች ለበሬ፥ ሴቶች ለቅቤ ገንዘብ እያዋጡ አስቀድመው ያጠራቅማሉ፤ በአዲስ አበባና በሌላም አገር በሥራ ያሉ ልጆች ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ከጊፋታ በፊት መስከረም 1 ቀን እንቁጣጣሽ አለ፤ መስከረም 17 ቀን መስቀል አለ፤ ከዚያም በኋላ ዘመድ ዘመዱን እየጠየቀ የወሩ ቀሪ ያልቃል። በቢጠናም ቢሆን በሶዶ፥ በቦዲቲም ቢሆን በአረካ፥ ማንም ሰው በአንዲት ቀን ግብዣ አይወፍርም። የሚያወፍረው በበዓሉ ስም የሚቀጥለው ወር ነው።

ይህን ነገር በሌላ አገር ሊቃውንት በሚዛን መርምረውታል። በአሜሪካ በ195 ጎልማሶች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. የታተመ ምርመራ እንዳሳየው፥ ሰዎቹ በኅዳርና በታኅሣሥ የበዓላት ወራት በአማካይ የጨመሩት ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላ ነበር። ታናሽ ነገር ነው፥ ትላለህ። ነገር ግን ያን ጭማሪ ከበዓሉ በኋላ ባሉት ወራት አላራገፉትም፤ በላያቸው ቀረ። እንግዲህ በየዓመቱ በዓል ጥቂት ጥቂት የሚጨምርና የማያራግፍ ሰው፥ ከ20 ዓመት በኋላ ወዴት እንደሚደርስ አንተው ቍጠር።

3ኛ፤ ጭማሪው ከወዴት እንደሚመጣ

የምግብ ኃይል የሚለካበት ካሎሪ የሚባል መስፈሪያ አለ። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ይሰጣል፤ አንድ ግራም የእህል ፍሬ ነገር ግን 4 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ ንጥር ቅቤ ወደ 120 ካሎሪ ይጠጋል። ሁለት ማንኪያ ከሆነ 240 ነው፤ ይህም ሰው አንድ ሰዓት ያህል ፈጠን ብሎ ሲራመድ ከሚያወጣው ኃይል ብዙ አይርቅም። ከሚያስፈልግህ በላይ ሁለት ማንኪያ ቅቤ በየቀኑ ለ30 ቀን የበላህ እንደ ሆነ፥ ጭማሪው በግምት አንድ ኪሎ ይሆናል። ሙቹዋና ባጪራ ከእንሰት በቅቤ የሚሠሩ፥ የአገራችንም ክብር የሆኑ ምግቦች ናቸው፤ ክፉ አይደሉም። ነገር ግን ቅቤው በምግቡ ውስጥ ስለሚሰወር ዓይን አይቈጥረውም።

ሁለተኛው ምንጭ ጠርሙስ ነው። አስካሪ መጠጥ የተዉ ብዙ ቤቶች በጠላውና በጠጁ ፈንታ ለስላሳ መጠጥ ያቀርባሉ። መልካም አድርገዋል፤ ዳሩ ግን ጠርሙሱን እንመርምር። በአንድ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ጣፋጭ ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር ይገኛል፤ ይህም ከሰባት የሻይ ማንኪያ አያንስም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ምክር፥ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳር በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ የተሻለ መሆኑን አመልክቶአል። እንግዲህ በአንድ ቀን አምስት ቤት የጠየቀ ሰው በየቤቱ አንድ ጠርሙስ ቢጠጣ ምን ያህል ስኳር ተሸክሞ ይመለሳል? ውኃ መለመን ነውር አይደለም።

4ኛ፤ ባለቤቱን ማክበር በምን እንደሆነ

የዚህ ትምህርት ዋና ነገር ይህ ነው፤ የጋበዘህ ሰው የሚከበረው በመምጣትህ፥ በመቀመጥህ፥ በመጀመሪያይቱም ጉርሻ ነው። አሥረኛይቱ ጉርሻ ለክብሩ ምንም አትጨምርለትም። እስቲ አስብ፤ ወዳጅህ ሲሄድ በሩ ላይ ቆመህ የምታስታውሰው ስንት እንጀራ እንደበላ ነውን? አይደለም። እንደመጣ፥ ልጆችህን እንደባረከ፥ ከአንተም ጋር እንደተጫወተ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። በዓሉ ሳይገባ የምትጠይቃቸውን ቤቶች ቍጠር። ከእነርሱም ጠግበህ የምትበላበትን አንድ ቤት ለቀኑ ምረጥ፤ እርሱም የወላጆችህ ወይም የታላቅህ ቤት ይሁን። በሌሎቹ ቤቶች እጅህን ታጠብ፥ ቁረስ፥ አንዲት ጉርሻ ተቀበል፥ አመስግን፥ ተጫወት። ወጥተህ እስክትሄድ ድረስ ግን ከሣህኑ ራቅ ብለህ ተቀመጥ። እናት ደግማ ብታጎርስህ፥ «እናቴ ሆይ፥ እጅሽ ይባረክ፤ የአንቺን ጉርሻ በልቻለሁ። ሐኪም ስለ ስኳሬ ከልክሎኛልና ማሪኝ፤ ይልቅስ ቡናሽን ያለ ስኳር ስጪኝ» በላት። በንቀት የተነገረ «አልበላም» ያቆስላል፤ በምስጋና የተነገረ «ይበቃኛል» ግን አያቆስልም። ማግባባቱ እስኪበዛ ሳትጠብቅ አስቀድመህ፥ ማዕዱ ሳይቀርብ፥ ንገራት፤ የተዘጋጀውን ከመመለስ ያልተዘጋጀውን ማስቀረት ይቀላልና።

በምትጠግብበትም ቤት ከጎመኑ ጀምር፤ ቀስ ብለህ ብላ፤ ከቅቤው ይልቅ ቀዩን ሥጋ ምረጥ። ሥጋውም ቢበስል ይሻላል። ጥሬ ሥጋ በዳጣ መብላት በአገራችን የተወደደ ነው፤ ነገር ግን የኮሶ ትል በዚህ መንገድ ወደ ሰው ይገባል።

5ኛ፤ ለቤት እመቤት

እኅቴ ሆይ፤ የቅቤው ማሰሮ በእጅሽ ነውና ከሐኪም ይልቅ አንቺ ብዙ ማድረግ ትችያለሽ። ቅቤውን በማንኪያ ለክተሽ ጨምሪ፤ በግምት አታፍስሺ። ስኳር ለያዘው ሰው ቅቤ ሳይበዛበት ድርሻውን ለይተሽ አውጪለት፤ በሰው ፊት ግን አታሳፍሪው። በማዕዱ ላይ ጎመን አብዢ፤ ከለስላሳው አጠገብ ንጹሕ ውኃ አኑሪ። እንግዳሽ «ይበቃኛል» ባለሽ ጊዜ እመኚው፤ ሦስት ጊዜ አትማጸኚው። ደግሞም አንቺ ራስሽ ከሁሉ በኋላ የምትበዪ ስለ ሆንሽ፥ ቀኑን ሙሉ ከድስቱ እየቀመስሽ ሳታውቂ እንዳትጠግቢ፥ ወይም ተርበሽ እንዳትውዪ፥ በጊዜው ተቀምጠሽ ብዪ።

6ኛ፤ ሊደረግ የማይገባው

አንዳንዱ ሰው በበዓሉ ዋዜማ ጨርሶ ይጾማል፤ በማግሥቱም እንደ ጐርፍ ይበላል። ይህ አይጠቅምም፤ የተራበ ሰው መጠኑን አያውቅምና። በተለይ ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም የስኳር ኪኒን የሚውጥ ሰው ያለ ሐኪም ምክር ምግብ ቢዘል ስኳሩ በድንገት ወርዶ ሊጥለው ይችላል። ሌላውም መድኃኒቱን «ለበዓል» ብሎ ያቋርጣል፤ ይህ ከሁሉ የከፋ ነው። ደግሞ የበላውን ለማውጣት ኮሶ ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት የሚጠጣ አለ፤ ይህ የሰውነትን ውኃ ያደርቃል እንጂ ስቡን አይቀንስም።

7ኛ፤ ከወደቁ በኋላ ስለ መነሣት

በእንግሊዝ አገር በ272 ሰዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. የታተመ ምርመራ ነበር። ለአንዱ ወገን በገና ሰሞን በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ራሳቸውን በሚዛን እንዲመዝኑ ተነገራቸው፤ አጭር ምክርም ተሰጣቸው። በመጨረሻ ከሌላው ወገን ይልቅ በአማካይ ግማሽ ኪሎ ያህል ቀለው ተገኙ። አንተም እንዲሁ አድርግ። በመንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ፤ በጤና ጣቢያም ሚዛን አለ። ሚዛን በሌለበት ወገብህን በክር ለካ፤ ክሩንም ቋጥረህ በየሳምንቱ አስተያየው። ክሩ አያሞግስም፥ አይሳደብምም፤ እውነቱን ብቻ ይነግርሃል።

አንድ ቀን ከመጠን ያለፍህ እንደ ሆነ «ከተበላሸ ይበላሽ» አትበል። አንዲት ማሰሮ የሰበረች ሴት የቀሩትን አትሰብርም። በማግሥቱ ወደ ልማድህ ተመለስ፤ ዘመድ ለመጠየቅ ስትሄድም ቅርብ ከሆነ በእግርህ ሂድ።

ድካምህም ከንቱ እንዳይመስልህ ይህን ስማ። እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ ታላቅ ምርመራ፥ ስኳር ሊይዛቸው የቀረቡ ሰዎችን ይመለከት ነበር። ከክብደታቸው ከመቶ 7 እጅ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የተጉት፥ ይህን ካላደረጉት ይልቅ በበሽታው መያዛቸው ከመቶ 58 እጅ ቀንሶ ተገኘ። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ 5 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ተራራ አይደለም፤ ነገር ግን ዓይንን፥ ኵላሊትንና እግርን ሊያድን ይችላል።

በመጨረሻ፤ አንተ የተውከው ድርሻ ወዴት ይሂድ? በቤትህ ወይም በጎረቤትህ ሥጋና ቅቤ ከበዓል በቀር የማያይ ሕፃን አለ። ራሱን የገዛ ሰው ማዕዱን አያጎድልም፤ ለሚያስፈልገው ያስተላልፈዋል እንጂ። እንዲህ ያለ ሰው «ዮ ዮ ጊፋታ» ሲል ደስታው ሙሉ ነው፤ በሚመጣውም ዓመት ከልጆቹ ጋር ደግሞ ይለዋል።

ለማሰላሰል

1. በዚህ በዓል ስንት ቤት ትጠይቃለህ? ጠግበህ የምትበላውስ በየትኛው ነው?

2. ለጋበዘችህ እናት «ይበቃኛል» የምትለው በምን ቃል ነው? አሁን በአፍህ ተለማመደው።

3. በቤትህ ካሉት ሰዎች ብዙ ሊበላ የሚገባው ማን ነው? ጥቂትስ ሊበላ የሚገባው ማን ነው?

4. ከበዓሉ በፊት ክብደትህ ስንት ነው? ጽፈህ አኑረው፤ ወሩም ሲፈጸም ደግመህ ተመዘን።