“ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት”

ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ከጓደኛዬ ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን እንማር ነበር። ማታ ማታ የሚውጠው ክኒን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት መሆኑን በምስጢር ነገረኝ። እኔ ደግሞ ለአንዱ ሹክ አልኩ። በሳምንቱ ክፍሉ በሙሉ አወቀ።

ጓደኛዬ ልጆች ቤታችን ሲመጡ ክኒኑን ይዘል ጀመር። መድኃኒቱ በየቀኑ ካልተወሰደ ቫይረሱ እንደገና ይራባል፤ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል። ይህን የፀረ ኤድስ ክበብ ውስጥ ተምሬዋለሁ። እያወቅኩ ግን “ለአንድ ሰው ብቻ ነው እኮ! ያወራው እሱ ነው” እያልኩ ራሴን አታልል ነበር። ሰበብ ሲደጋገም እውነት ይመስላል፤ አይገርማችሁም?

አንድ ማታ “ምስጢርህን ያወጣሁት እኔ ነኝ” አልኩት።

“አውቃለሁ። እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው” አለኝ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ አብሬው ሄድኩ። ምስጢር ግን ዛሬም አይነግረኝም፤ አልፈርድበትም።